በደምሴ ወናፍ ፊት

ሰው ያፈረበትን ነገር ሲጽፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይወዳል። እኔ ግን ዕድሜዬም ትዕግሥቴም ወደ ማለቁ ስለሆነ በቀጥታ ልጀምር። በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የካሚዮን ሾፌር ነበርኩ። አማቶቼ ስለ እኔ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ሾፌር መሆን ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከፍ ብለህ ትቀመጣለህ፣ ጥሩንባ ትነፋለህ፣ ባለ በቅሎው ሁሉ መንገድ ይለቅልሃል። ያልነገርኳቸው፣ ካሚዮኗ ስትበላሽ ሥሯ ተኝቼ የምጠግናትም እኔው መሆኔን ነው።

ዛሬ ይህን የሚያነብ ወጣት «ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?» ማለቱ አይቀርም። ልጄ፣ ያኔ እሳትና ብረት የሚነካ ሰው ቀጥቃጭ ነው የሚባለው። ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይታማል። ከእሱ ጋር ገበታ አይቀረብም፣ ልጅ አይዳርለትም፣ ሲያልፍ እናቶች የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። የሚስቴ የአስካለ አባት ባላምባራስ ይመኑ ከሆለታ ማዶ የሚኖሩ፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ለጣልያን ማደሬን እንኳ «እንጀራ ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነውልኛል። ብረት መንካቴን ግን ቢያውቁ የሚጨፍኑልኝ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ወንዝ ወርጄ እጄን በአሸዋና በሎሚ እፈትጋለሁ። አስካለ ታውቃለች። ጥፍሬን አየት ታደርግና ዝም ትለኛለች።

ካሚዮኗ ባለ ስድስት እግር ነበረች። ለጦርነቱ መጥታ ጭቃውንም ገደሉንም ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ ስታረጅ ለድንጋይ ማመላለሻ የተጣለች ናት። ሠራተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። ሌላው መኪና በሚሰጥምበት ረግረግ እሷ እያጉረመረመች ታልፋለች። እኔ ደግሞ ጠባይዋን ስለማውቅ ከእሷ በስተቀር ሌላ መኪና አልነዳም ብዬ እኩራራ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከድንጋይ ካባው ጭኜ ወደ ቀራንዮ የሚወስደውን አቀበት ስጀምር አሮጊቷ ሳል ጀመራት። ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። ክዳኗን ከፍቼ ባይ ካርቡራቶሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቤንዚኑ ይንጠባጠባል። ካርቡራቶር ማለት ቤንዚንና አየር እያመጣጠነ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ምንም ጤነኛ ቢሆን አፉን ከፍቶ ይቀራል። አሮጌ ብረት ነው፣ ስንጥቁም የቆየ ነው፤ ሳይለያይ መክረሙ ራሱ ተአምር ነው። ይህን ግን ለማን ታስረዳለህ?

ድንጋይ የምንጭንለት የጣልያን ካምፕ አለቃ፣ ካፖ እንለው ነበር፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና ቀና ብሎ አየኝ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለሽፍቶቹ ብለህ በመዶሻ መታኸው ይላል» አለኝ።

ሽፍታ የሚሏቸው አርበኞቹን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሾፌር በዚሁ ጥርጣሬ ተወስዶ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። በእናቴም በማተቤም ማልኩ። ካፖው መሐላ አይገባውም። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፦

«የጣልያኑ መካኒክ ታሞ ሆስፒታል ነው። ከወዳደቀው ብረት መሃል ካርቡራቶር ፈልገህ ቀይር ብሎሃል። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካሚዮኗ በራሷ እግር ካምፕ ከገባች ተርፈሃል። እስከዚያ ግን ያንተ ሰው ካምፑ ውስጥ ባንተ ቦታ ይቀመጣል። ካልመጣህ ያንተ ቅጣት የእሱ ነው።»

«ማን ቢሆን ይቀበላል?»

«ዘመድ። የመንገድ ሰው አልቀበልም ብሏል።»

ባገራችን ዋስ መጥራት የታወቀ ነው። ሰው ሲያዝ «የዋስ ያለህ» ይላል፣ አንዱ ብድግ ይላል። እኔም ዘወር ብዬ አብረውኝ የሚሠሩትን አየኋቸው። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። አልፈርድባቸውም፤ ዋሱ ለዳኛ ሳይሆን ለካፖ ነበርና። አማቴን ላስጠራ ብልም ሆለታ ሩቅ ነው። ቅርብ ቢሆኑስ፣ «ሾፌር ካርቡራቶር ምን አገባው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ነፍሴን ሊወስዷት ቆመው እኔ ይህን ማሰቤን አልረሳውም።

በዚህ መሃል ከኋላ ደምሴ ወደ ፊት መጣ። ደምሴ ከአቀበቱ ሥር ዳስ ጥሎ ዶማና ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። ያን ቀን የሳላቸውን ዶማዎች ለካምፑ ሊያስረክብ ሲሄድ ነው እዚያ የደረሰው። እኔም የካሚዮኗ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ሲሰበር ወደ እሱ እወስዳለሁ፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማሠራው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ እርስዎ ይለኛል። አንድ ቀን ሚስቱ ወርቄ በቅል ውኃ ብታቀርብልኝ አሁን ነው የጠጣሁት ብዬ መልሼባታለሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ ደምሴ።

አስተርጓሚው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይህ ሰው ምንህ ነው?»

«አበልጄ ናቸው።»

አበልጅ የሚባለው ልጅህን ክርስትና ያነሣልህ ሰው ነው። ከሥጋ ዘመድ የማይተናነስ ዝምድና ነው። በኔና በደምሴ መካከል ሊሆን እንደማይችል አስተርጓሚው ጠንቅቆ ያውቃል። ከንፈሩ ፈገግ ሊል እያለ ወደኔ ዞረ።

«እውነት ነው?»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያየኛል። በገዛ ነፍሴ ላይ እየተጠየቅኩ እንኳ መጀመሪያ ያየሁት ማን ማን እንደሚሰማኝ ነው።

«ነው» አልኩ። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ሲወስዱት ደምሴ ዞር ብሎ፣ «ወርቄን እሑድን እንዳታስብ ይበሉልኝ፤ እስከዚያ እመለሳለሁ» አለኝ።

«እሑድ ምንድን ነው?»

«የልጃችን ክርስትና ነው። አርባው ይሞላል።»

«ማነው የሚያነሣላችሁ?»

«አንድ ሰው እሺ ብሎን ነበር፣ ዘመዶቹ ከለከሉት። እግዜር ያውቃል።» ይህን ሲናገር አላማረረም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

ቅዳሜ ጧት ከካምፑ የወዳደቀ ብረት መሃል ስቆፍር ካርቡራቶር አገኘሁ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የትንሽ መኪና ነው። የአሮጊቷ በአራት ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ይሄኛው በሁለት። አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። በመካከላቸው የምትገባ አንዲት ወፍራም ብረት ያስፈልጋል፤ ከታች ለሞተሩ አራት ቀዳዳ፣ ከላይ ለካርቡራቶሩ ሁለት፣ መሃሏ ለአየሩ ክብ ሆኖ የተበሳ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ እሳት አይሠራም። በአካባቢው ያለው እሳት የደምሴ ብቻ ነው።

ዳሱ ጋ ስደርስ ወርቄ በሩ ውስጥ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አራስ ስለሆነች አትወጣም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም።

«በእርስዎ ፋንታ?» አለች።

«አዎ።»

«አበልጄ ብሎ?»

«አዎ።»

ልጁን ጀርባዋ ላይ አዘለች። ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች ወደ በሩ ጥላ ጎተተቻቸው። «እኔ ወናፉን እነፋለሁ። እርስዎ ዱካው ላይ ይቀመጡ» አለችኝ።

የደምሴ ዱካ፣ ማለትም በርጩማው፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ነው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

«ቆሜ ብሠራ ይሻላል» አልኳት።

«ብረት ቆመው አይመቱትም። ክንድዎ ይዝላል» አለች። ለምን መቆም እንደፈለግኩ ግን ገብቷታል። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩና ሻሼን እስከ ቅንድቤ ድረስ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ።

ከተሰበረ ባሌስትራ ላይ አንድ ቁራጭ መርጬ እሳት ውስጥ ከተትኩ። ወርቄ ወናፉን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እጇ ትጫነዋለች፣ ልጁ በየምቱ ይወዛወዛል፣ እኔ በጉጠት እያወጣሁ እመታለሁ። የካርቡራቶሩን ግርጌ በከሰል አትሜ የቀዳዳዎቹን ቦታ ለየሁና በመብሻ መብሳት ጀመርኩ። አንዱን ስጨርስ ብልጭታው እጄ ላይ አርፎ አቃጠለኝ። ጥላሸቱና ላቡ ፊቴ ላይ ተለወሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ሳያየኝ ቢሆን ኖሮ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ የምወደው ይህን መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ዱካ ላይ ነው። ያፈርኩትም እዚያው ነው።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ልጀምር ስል የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ባላምባራስ ይመኑ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ፣ እሑድን እኛ ዘንድ ሊውሉ መምጣታቸው ነው። አንገቴን ደፋሁ። ያልፋሉ ብዬ ስጠብቅ በቅሎዋ ዳሱ ፊት ቆመች።

ከበቅሎዋ ወረዱ። ልጓሟን አወለቁ። የኩታቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ከቡዳ ዓይን ለመጠበቅ የሚደረገውን ማለቴ ነው። ልጓሙን መሬት ጥለው በአለንጋቸው ጫፍ ወደ እግሬ ሥር ገፉት። ከእጅ ወደ እጅ እንዳይሆን ነው።

«ደምሴ የሚሉህ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ወርቄ ወናፉን አቆመች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «አይደለሁም፣ እኔ አየለ ነኝ፣ አማችዎ» ማለት ይቻል ነበር። በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኩ።

«የልጓሙ ቀለበት ተከፍቷል። ግጠምልኝ።»

ቀለበቷን እሳት አሳየኋት፣ በጥድፊያ መታኋት፣ ውኃ ውስጥ ነከርኳት። ጭንቀቴ ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብቻ ነበር። ልጓሙን ላቀብላቸው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አሉ። ለካ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አስቀመጥኩት። በአለንጋቸው ጎተት አድርገው አነሡት፣ ወደ ጎን እንትፍ አሉና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ባሌስትራ ባሠራሁ ቁጥር እኔም እንዲሁ መሬት ላይ እያስቀመጥኩ ነበር። ደምሴ አንድ ቀንም እጁን አልዘረጋም። መዘርጋት እንደሌለበት ያውቅ ነበር።

ወርቄ ወናፉን እንደገና መንፋት ጀመረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «አማትዎ ናቸው?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እርስዎ እንደዚያ የሚፈሩት ሌላ ማንን ነው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

የቀሩትን ቀዳዳዎች በስቼ ስጨርስ ብረቷን ይዤ ወደ አሮጊቷ ወጣሁ። በካርቡራቶሩና በብረቷ መካከል አየር እንዳይገባ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። ወርቄ ከአሮጌ ወናፍ የተረፈ ቆዳ ሰጥታኝ ስለነበር በልኩ ቆርጬ፣ ዘይት ቀብቼ ከታችም ከላይም ደለደልኩ። ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። የቤንዚኑን መምጫ አያያዝኩ። የእግር መርገጫው ዘንግ አልደርስ ቢለኝ በሽቦ አስረዘምኩት። ከዚያ ወደ ፊት ዞሬ በማኒቬላው፣ ከፊት ሰክተው በሚያዞሩት ብረት፣ ሞተሩን አዞርኩ።

ተነሣች። ደስታ ሊገድለኝ ሲል አስነጠሳትና ጠፋች። እንደገና አዞርኩ፣ እንደገና አስነጥሳ ጠፋች። አየር ይገባል ማለት ነው። ብረቷ ጎብጣለች። ፀሐይዋን ባይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሁሉንም ፈታሁና ብረቷን መንገድ ዳር ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ በአሸዋና በውኃ መፈተግ ጀመርኩ። እጄን ከብረት ለማጽዳት ወንዝ ዳር የምፈትገውን አፈታተግ ነው የፈተግኳት። ጣቴ ደማ። ዓይኔ ላይ ያለው ግን ካፖው ፊት የተቀመጠው ደምሴ ነበር።

መልሼ አሰርኩና አዞርኩ። አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ማጉረምረም ጀመረች፤ አላቆመችም። ያለ ማፈር አለቀስኩ። በዚያ ሁለት ቀን ያላፈርኩበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ካምፕ ስገባ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ካፖው ክዳኗን ከፍቶ ያቺን የባሌስትራ ቁራጭ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ደምሴን እንዲለቁት አዘዘ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያስፈልጡት ውለዋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቤ ወጥቶ ተቀመጠ። ካሚዮን ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

«ተነሣች?» አለ።

«ባንተ እሳት ተነሣች።»

ትንሽ እንደሄድን፣ «ያ አበልጅ ያልኩት» አለኝ፣ «ለካፖው ነው ያልኩት። እርስዎን አያስርዎትም።»

ከሞት የተረፈ ሰው አፉ ለጋስ ነው። «ነገ እመጣለሁ፣ ልጅህን እኔ ነኝ የማነሣው» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። አምኖኝ እንደሆነ እንጃ። «ከቅዳሴ በፊት ነው፣ ቀራንዮ» አለ ብቻ።

ቤቴ ስገባ ባላምባራስ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንዝ ወርጄ ታጥቤ ነበር። ጉልበት ሳምኩ። እራት ቀረበና ከአንድ ገበታ ተቀመጥን። አስካለ ቃጠሎዬን አይታ፣ «እጅህን ምን ነካው?» አለች።

«ሞተር ነው» አልኩ።

ባላምባራስ እየበሉ ስለ መንገዳቸው አወሩ። «አቀበቱ ሥር ያለ ቀጥቃጭ የልጓሜን ቀለበት ገጠመልኝ» አሉ። «ቀና ብሎ ሊያየኝ እንኳ ፈራ። ይኼን ያህል የሚያፍር ቀጥቃጭ አይቼ አላውቅም።»

አስካለ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ባላምባራስ ጥሩ አድርገው ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። ያን ቀን ልጓም በአለንጋ የገፋልኝ እጅ ነው። ፊት ለፊቴ ይዘውት ቆዩ፣ ዓይኔን እያዩ። ጎረስኩ። ዋጥኩትም።

«ነገ ቀራንዮ እናስቀድሳለን» አሉ።

እሑድ ማለዳ ሦስታችንም ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሄድን። ባላምባራስ ከወንዶቹ በኩል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አስካለ ወደ ሴቶቹ ሄደች። እኔ «መጣሁ» ብዬ ወደ ክርስትናው ቤት አቀናሁ፣ ግን ደጃፉ አልደረስኩም። አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ከኋላው ቆምኩ።

ደምሴ ነጭ ለብሶ ልጁን ታቅፎ ቆሟል። ወርቄ ከጎኑ ናት። ሌላ ሰው የለም። ቄሱ ወጥተው፣ «ክርስትና የሚያነሣው ማነው?» አሉ።

ደምሴ ግቢውን ቃኘ። ዓይኑ ጥዱ ጋ ደረሰ፣ እኔ ላይ አረፈ። አየኝ፤ ምንም ጥርጥር የለውም። ከዚያ ዓይኑን አነሣና፣

«መንገድ ሄደዋል፣ አባቴ» አለ።

ሁለተኛ ጊዜ ስለኔ ዋሸ። እኔ ምን የተሰማኝ ይመስላችኋል? እፎይ ነው ያልኩት። አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ያቆሸሽኩት ለዚች እፎይታ ነው። ዱካው ላይ ዝም ማለቴን ፍርሃት ነው ብዬ ለራሴ ይቅር ብያለሁ። እፎይታውን ግን ምን ልበለው?

ቄሱ እንግዲያ ከደጀ ሰላሙ አንድ ሰው ይጠራ አሉ። በዚህ ጊዜ ወርቄ ዞር አለችና አየችኝ። ልጁን ከደምሴ እጅ ተቀበለች። የነጠላዋን ጫፍ ቀስ ብላ ሳበችና የልጁን ፊት ሸፈነች። ከኔ ነው የሸፈነችው፣ ከኔ ዓይን። ሌሎች እናቶች እሷና ባሏ ባለፉ ቁጥር የሚያደርጉትን እሷ በኔ ላይ አደረገችው። ልክ ነበረች። ዓይኑ የሚበላ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ሰው በፋንታዬ አስቀምጬ፣ ስሙን ወስጄ፣ ጥድ ሥር ተደብቄ የማይ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ቄሱ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«መንገድ ሄዷል አልተባለም?»

«ተመልሻለሁ» አልኩ።

ወርቄ ወዲያው አልሰጠችኝም። ከዚያ ነጠላውን ከፊቱ አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከውኃው ወጥቶ ስቀበለው ይንቀጠቀጥ ነበር። በጥፍሬ ሥር የቀረው ጥቁር ዘይት በነጩ ልብስ ላይ ታተመ። ሰው ሁሉ አየው። ባላምባራስም ዘንጋቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመው ያዩ ነበር።

ስወጣ በቅሎዋን ፈትተው አገኘኋቸው። ቅዳሴው ገና አልተገባም።

«ትናንት አውቄህ ነበር» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ደምሴ አንተ ነህ ያልኩህ፣ አይደለሁም እንድትለኝ ነው። ብረት ስትመታ አይቼ አፈርኩ። ዝም ስትለኝ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። በጉርሻዬ ላይ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፣ ዋጥከው።» ወደ ክርስትናው ቤት አየት አደረጉ። «ዛሬ ያደረግኸውን ደግሞ እኔ አልችለውም። ከቤትህ እንግዲህ አልበላም። ልጄን ግን ከቤትህ አላወጣም፣ ባሏ ነህ።»

በቅሎዋ ላይ ወጡና ሄዱ። ያን ቀን ደምሴ ቤት ገባሁ። «አበልጄ፣ ወዲህ ከፍ በል» አለኝ፤ እኔም አያ ደምሴ አልኩት። ወርቄ በዚያችው ቅል ውኃ ሰጠችኝ። አጋድሜ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ እጄን ወንዝ ወርጄ አልፈተግኩም። ጣልያን ሲወጣ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፣ በሩንም ወደ ዋናው መንገድ አደረግኩት። የክርስትና ልጄ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ «አባባ» ይለኛል። እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ ጎበዝ ነህ እንዳትሉኝ። የሄድኩት አንዲት አራስ ስላሳፈረችኝ ነው። ባታየኝ ኖሮ ጥዱ ሥር ቆሜ ነበር የምቀረው። እናንተም ዘንድ በፋንታችሁ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ስሙን የምትጠሩት ማን ሲሰማ እንደሆነ እስኪ አስቡት።

ባላምባራስ ቃላቸውን ጠበቁ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ደጅ ይቀመጣሉ፣ ስንቃቸውን ከኮርቻቸው አውጥተው ይበላሉ፣ ለኔም እግዜር ይስጥልኝ ይሉኛል። ስለ ብረት ዳግመኛ አላነሡም። ሲሞቱ በቅሎዋ ለአስካለ ደረሰች። ልጓሟን ሳወልቅ ቀለበቱን አየሁት። በየገበያው አዲስ ልጓም ሞልቶ ነበር፣ እሳቸውም የሚገዙበት አላጡም። ቀለበቱ ግን ያው ነው፤ በጥድፊያ ስለመታሁት አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው።